አልጋ ገፊውና የወንዝ ዳር ጉዟችን

ጎረቤቴ ዕድሜውን በሙሉ ከሰው ኋላ ሲሄድ የኖረ ሰው ነው። ሥራው ይኸው ነበር። በትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የተኛበትን ባለጎማ አልጋ ከመኝታ ክፍል ወደ ቀዶ ጥገና፣ ከቀዶ ጥገና ወደ መኝታ ክፍል፣ አንዳንዴም ማንም ወደማይመለስበት ክፍል ይገፋ ነበር። በሽተኛው የሚሄደው እግሩን አስቀድሞ ነው፤ ገፊው በራስጌ በኩል ስለሚሆን የተኛው ሰው የሚያየው ጣሪያና አምፖል ብቻ ነው። «ፊቴን የሚያውቅ በሽተኛ የለም፣ ድምፄን ግን ሁሉም ያውቀዋል» ይለኝ ነበር። ደፍ ሊሻገር ሲል «አሁን ትንሽ ትነቃነቃለህ» ይላል። አሳንሰር ሊገባ ሲል «በሩ ይጮሃል፣ እንዳትደነግጪ» ይላል። መንገዱ ገና እያለ በሽተኛው ከፈራበት ደግሞ «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ይላል። ቅጥፈት ነው። እኔ ቀጣፊ ሰው አልወድም፤ የሱን ቅጥፈት ግን እጠላለሁ ብል እኔው ራሴ ቀጣፊ እሆናለሁ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ከነሱ ወለል ሥር ስለሆነ እነሱ የኔን የስፌት መኪና ሲሰሙ፣ እኔ የነሱን ኮቴ ስሰማ ብዙ ዘመን አብረን ኖረናል። ሚስቱ በዚያው ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሆስፒታሉን ስልክ ሁሉ የምታገናኘው፣ በድምፅ ማጉያውም «አልጋ ወደ ሦስተኛ ፎቅ!» እያለች እሱን ከወዲያ ወዲህ የምታሯሩጠው እሷ ነበረች። ፊቷን ከማየቱ በፊት በድምፅዋ ነው የተያዘው። አንድ ቀን እንደምንም ልቡን ሞላና በሯን አንኳኩቶ፣ «አልጋ ገፊው ነኝ፤ ዛሬ ስንቴ እንደጠራሽኝ ታውቂያለሽ?» ቢላት፣ ዞር እንኳ ሳትል «አውቃለሁ፤ ግማሹን ያለ ሥራ ነው የጠራሁህ» አለችው። ይህን ሲያወራ ዛሬም እንደ ጎረምሳ ያፍራል።

የሷ ጆሮ ጉድ ነበር። ዶክተሮቹን በአተነፋፈሳቸው ትለያቸው ነበር። ማን እንደተቆጣ፣ ማን ሚስቱን እየዋሸ እንደሆነ፣ ማን ምሳውን ሳይበላ እንደዋለ ከአንዲት «ሃሎ» ታወጣው ነበር። እኔ በጉንፋን ተይዤ ደረጃ ላይ ሰላም ካልኳት «ዛሬ ሻይሽን ሳትጠጪ ነው የወጣሽው» ትለኛለች፤ እውነትም አልጠጣሁም። የወለዱት አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷም አደገች፣ ፋርማሲስት ሆነች፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ እዚያው ቀረች።

ጡረታ ከወጡ በኋላ መርሳት መጣ። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ የሚያስቅ ነበር። በቴሌቪዥን ውስጥ ስልክ ሲጠራ ብድግ ብላ «አቤት፣ ማንን ላገናኝዎት?» ትላለች፤ እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። አንድ ቀን ጠዋት ግን በሬን አንኳኩታ ስከፍትላት ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «ይቅርታ፣ መጋረጃ የምትሰፋው ሴትዮ አለች?» አለችኝ። «አለች» አልኳት፤ ምን ልበል? አስገብቼ ሻይ ሰጠኋት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳቁ ቀረ።

እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያጥባታል፣ ያለብሳታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል፤ ሁልጊዜም ከኋላዋ ቆሞ ነው፣ ልማዱ ስለሆነ። «አሁን ውሃው ትንሽ ይሞቃል» ሲላት በወለሉ በኩል እሰማዋለሁ። ከሲታ ሆነ። ሳል ያዘውና አልለቅ አለው። «ወንድሜ፣ ለልጅህ ንገራት እንጂ» ብለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ብነግራት ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ? ትወስድብኛለቻ!»

እንደፈራውም ሆነ። ልጅቱ በስልክ ስታወራቸው መጠርጠር ጀመረች። በምትኖርበት ከተማ አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት አለ፤ ሴቶች ብቻ ናቸው የሚገቡበት። አንድ አልጋ ተለቀቀ አሏት። ወዲያው ደወለችና «አባዬ፣ አርብ ማታ እመጣለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመለሳለሁ። በአውቶቡሱ ላይ ሁለት ቦታ አስይዣለሁ። እማዬን በዓይኔ ልያት፤ ደህና ከሆነች አንዱ ወንበር ባዶውን ይሂድ፣ ደስታዬ ነው። ደህና ካልሆነች ግን ይዣት እሄዳለሁ» አለችው። እሱ ይህን ሊነግረኝ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወደኔ ወረደ። ሚስቱ ከሄደች እዚያ ቤት ወንድ አይገባም፤ እሱ እዚሁ ብቻውን ነው የሚቀረው።

«ቅዳሜ ጉዞ አለን» አልኩት። «ይዘሃት ና። ልጅቱም ትምጣ። ሰው መሃል ስትሆን ደህና ናት፣ ታያታለች።»

ጉዟችን ምን እንደሆነ ልናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዝናብ ከሌለ፣ እኛ ዕድሜ የተጫነን ጎረቤታሞች ወንዙን ይዘን ወደ ታች እንሄዳለን። ከውሃ ማጣሪያው ጀርባ ካለው የድንጋይ ድልድይ ተነስተን ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሰፊ ድልድይ ላይ እንጨርሳለን። ወንዙ ያን ያህል የሚወደስ ወንዝ አይደለም። ግራና ቀኙ ግንብ ነው፤ የመኪና እጥበቱ አረፋ ይወርድበታል፣ የቤቶች ጓሮ ልብስ ተሰጥቶ ይታይበታል፣ ጎማና ፌስታል ይንሳፈፍበታል። ቢሆንም ውሃ ነው፤ ሰው አጠገቡ ሲሄድ ልቡ ቀለል ይለዋል። መሪያችን ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ፊሽካውን ከአንገቱ ስለማያወልቅ እሱኑ ራሱን ፊሽካ እንለዋለን። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ አሉ። ጡረታ የወጣ ዳኛም አለ።

በዳኛው ምክንያት አንድ ሕግ አውጥተናል። ሰውየው አንዴ ስለፈረደው ነገር ማውራት ከጀመረ አጠገቡ ያለው ሰው አለቀለት፤ መገላገያ የለውም። ስለዚህ ከፊሽካ ኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንሄድና ድልድይ በደረስን ቁጥር ጓደኛ እንለዋወጣለን። በውሃው በኩል ያለው ሰው ቦታውን ይይዛል፤ በቤቶቹ በኩል ያለው ሁሉ አንድ ሰው ወደፊት ያልፋል፤ ከነሱ የፊተኛው ደግሞ ወደ መጨረሻው ጥንድ ይመለሳል። ከሰልፉ ሁሉ በስተኋላ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል፣ ጭራ እንለዋለን። ጭራ ማንንም አያልፍም፤ የደከመ ካለ ይጠብቃል፣ የወደቀ ካለ ያነሳል። አልጋ ገፊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጭራ ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣ ሲሄድ እዚያ ተገኘ።

ሐሙስ ዕለት ሁላችንም እኔ ቤት ተሰበሰብን። ፊሽካ ጠመኔዬን አንስቶ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ሰልፉን ሳለው። በውሃው በኩል ያለ ሰው በውሃው በኩል ካለ ሰው ጋር መቼም አይጣመርም፣ አይደል? እናትን በውሃው በኩል፣ ልጅን ከኋላዋ በዚያው በውሃው በኩል እናሰልፋቸዋለን። ቀኑን ሙሉ አንድ እርምጃ ተራርቀው ይውላሉ፣ ግን ጎን ለጎን አይሆኑም። ከእናትየው ጎን በተራ የምንሄደው እኛ ነን፤ ማን እንደሆንን ቀድመን እንነግራታለን፣ ልጅቱ ከኋላ አንድ ነገር ብትጠይቅ ቀልጠፍ ብለን ለእናትየው መልሱን እንጠቁማለን። «ይሄ ማጭበርበር ነው» አለ ዳኛው። «ዝም በል» አልነው ሁላችንም ባንድ አፍ። አልጋ ገፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥዕል ሲያይ ቆየና «እግዜር ይስጣችሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ልጅቱ አርብ ማታ መጣች። ያን ማታ እንዴት እንዳለፉት አላየሁም፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ» የሚለውን የእናትየውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ለሁሉም የምትለው እንደዚያ ነው፤ ለቆጣሪ አንባቢውም የኔ ቆንጆ ትለዋለች። ቅዳሜ ጠዋት የድንጋዩ ድልድይ ላይ ስንገናኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልጅቱን ቀልቤ አልወደዳትም። ለወንዝ ዳር የማይሆን የቢሮ ጫማ አድርጋለች፤ እናቷን ስታይ ደግሞ ዓይኗ መድኃኒት እንደሚመዝን ሰው ዓይን ነው።

ሰልፉ ተነሳ። እናትየው ጎን መጀመሪያ የሄደው ዳቦ ጋጋሪው ነው። «እኔ ነኝ፣ ዳቦ ጋጋሪው! ዛሬም ዳቦው አረረብኝ፣ ሚስቴ ልትገድለኝ ነው» አላት ጮክ ብሎ። «ይበልህ! መቼ ሰምተህ ታውቃለህ» አለችውና ሳቀች። ያን ሳቅ ለሰማው ሰው ምን ጎደላት ይላል? ሁለተኛው ድልድይ ላይ ተቀያየርንና የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወደሷ አለፈች። ልጅቱ ከኋላ ሆና «እማዬ፣ ያ ባለቀይ በር ቤት ትዝ ይልሻል?» ስትል አለቀልን አልኩ። የጋጋሪው ሚስት ግን በብልጠት ከኛ ሁሉ ትብስ ነበር። «ምኑ ይረሳል! ልጅሽን ፒያኖ ያስተማረቻት ሴትዮ ቤት አይደል?» አለች። «እንዴት ይረሳል» አለች እናትየው፤ «ጆሯችንን አደነቆረችን እኮ።» ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ዞር ብዬ ጭራውን አየሁት። ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

ምሳችንን ዝቅ ያለው ግንብ ላይ ተደርድረን በላን፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን። ከታች ሸምበቆ የበቀለበት ሰፋ ያለ ቦታ ነው፤ ነጫጭ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል። አልጋ ገፊው ብርቱካን ልጦ ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም ከመሃል ገምሳ ለልጅቱ «ብዪ፣ የኔ ቆንጆ፣ ከሳሽብኝ» አለቻት። ልጅቱ ብርቱካኑን ይዛ ቆየች። ኋላ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ተሳስቼ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «እናቴ ደህና ናት። ስልክ ላይ የሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ መጣሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ያን ጊዜ አንጀቴን በላችው። እናቷን ልውሰድ ያለችው ጨክና አልነበረም። እኔ ግን «ደህና ናት የኔ ልጅ፣ ሁላችንም እያረጀን ነው እንጂ» አልኩና አፌን በዳቦ ሞላሁት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የቀረን የባቡሩ ድልድይ፣ ከዚያ የእግረኛው ድልድይ፣ ከዚያ መናኸሪያው ነው።

የባቡሩ ድልድይ ሥር ስንደርስ መንገዱ በውሃ ተውጧል። የሆነ ቧንቧ ፈንድቶ መተላለፊያውን ኩሬ አድርጎታል። ፊሽካ ፊሽካውን ነፋና በጎኑ ባለው መሸጋገሪያ ወደ ማዶ ይዞን ወጣ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን በማዶው በኩል ሄደን አናውቅም። ማዶ ስንወርድ በግራችን የነበረው ወንዝ በቀኛችን ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የተሳለው ሰልፍ ወንዙ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ማዶ መሻገር የሚባል ነገር ማናችንም አላሰብንም። እናትየው ስንት ዓመት የለመደችው እግሯ ራሱ ወሰዳትና ወደ ውሃው በኩል ዞረች፤ ራሷ የረሳችውን እግሯ አልረሳም። ሌሎቹም እንደዚያው ተዟዟሩ። ልጅቱ ግን ለሕጉ እንግዳ ናት፤ ከኔ ጋር እያወራች ስለነበር በነበረችበት በግራ በኩል ቀጠለች፣ እኔም ወሬው ጥሞኝ ሳላስተውል ቀረሁ። ስለዚህ እሷ በቤቶቹ በኩል፣ እኔ በውሃው በኩል ሆንን። የእግረኛው ድልድይ ጋ ደርሰን ፊሽካው ሲነፋ «አንድ ሰው ወደፊት ነው አይደል?» ብላኝ፣ መልሴን ሳትጠብቅ፣ እናቷ ጎን ሄዳ ቆመች።

ጉዳችን ፈላ! ወደኔ መምጣት የነበረበት ዳኛው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ላይ የፈረደ ሰውዬ ግራና ቀኙን መለየት አቅቶት ፊት ከፊሽካ ጋር ቀረ። ባዶ የቀረው የኔ ጎን ስለሆነ ጭራው መጥቶ ከኔ ጋር ሆነ። እናትና ልጅ ከፊታችን ናቸው፣ እኛ እግር በእግር ከኋላቸው ነን። «ልጥራት?» አልኩት በሹክሹክታ። «ምን ብለሽ?» አለኝ። እውነትም ምን ብዬ?

«አንቺ አዲስ ነሽ መሰለኝ» አለቻት እናት።

የልጅቱ እግር ተያዘ። «እማ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዞር ብላ አባቷን አየችው። አባትየው አንገቱን ደፋ። የቀኑ ልፋታችን ሁሉ በዚያች አፍታ ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። ዞረችና መንገዷን ቀጠለች።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «አዲስ ነኝ።»

«እሰይ! አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ከነዚህ ጋር ስሄድ እኮ ይደክመኛል። ሁሉም የማውቃቸው ናቸው መሰለኝ፤ እንዳይቀየሙኝ ዝም ብዬ እስቃለሁ። አንቺን ግን አላውቅሽም ብልሽ ምን ትይኛለሽ?»

«ምንም አልልዎትም» አለች ልጅቱ። የወለደቻትን እናቷን አንቱ ስትላት ሰማሁ።

«ባሌ ከኋላ አለ?»

«አሉ።»

«እንዳይሰማኝ ቀስ ልበል» አለች፤ ግን ቀስ አላለችም፤ የኦፕሬተር ድምፅ ቀስ ማለት አያውቅም። «እሱ የማላውቅ ይመስለዋል። እየጠፋሁ እንደሆነ አውቃለሁ እኮ። ጠዋት ስነሳ ቤቱ የማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል። አልጋው የማን ነው፣ መስኮቱ የማን ነው? እፈራለሁ። ከዚያ እሱ ከወጥ ቤት ሲያስል እሰማና፣ እህ፣ ቤቴ ነው እላለሁ። ብነግረው ይሰበርብኛል። እሱ እኔን ይደብቀኛል፣ እኔም እሱን እደብቀዋለሁ።»

አልጋ ገፊው ክንዴን ያዘኝ። ጣቶቹ ክንዴ ውስጥ ሲገቡ አልተቃወምኩም።

«ልጅ አለችኝ» አለች እናትየው። «ትመጣለች ይሉኛል። መቼ እንደሆነ እንጃ። መሞቱን አልፈራም፣ ዕድሜዬን በልቻለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ መጥታ ፊቴ ቆማ እንዳላውቃት። እናት ልጇን ሳታውቅ ስትቀር ልጅቱ ምን ትሆናለች? ለማን ትነግራለች?» ከዚያ ድምፅዋ ፈካ አለ። «ግን በድምፅዋ አውቃታለሁ። ፊት ይጠፋብኛል እንጂ ድምፅ አይጠፋብኝም። እማዬ ልትል ስትል መጀመሪያ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ከሺህ ሰው መሃል አውቃታለሁ።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። ጠዋቱን ሙሉ ከኋላዋ እማዬ ስትላት የነበረው ይኸው ድምፅ ነው። አሁንም አንዴ ደግማ ልትጠራት ትችል ነበር። ግን ብትጠራትና እናትየው ባታውቃትስ? ያቺ የቀረቻት አንዲት መተማመኛ ሁለቱም ፊት ብትፈርስስ? ከዚያች ቦታ ጀምሮ እስከ መናኸሪያው ልጅቱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እናቷ እጇን በክንዷ ሥር አስገብታ ስለ ስልክ ክፍሉ፣ ስለ ዶክተሮቹ ስታጫውታት፣ እሷ እንባዋን በዝምታ እያፈሰሰች ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

«ታውቅ ነበር» አለኝ አልጋ ገፊው። «ታውቅ ነበር እኮ። እኔ አታውቅም ብዬ ስደሰት፣ እሷ ብቻዋን ስትፈራ።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም፤ ለማን አስቀድሜ እንደማዝን እንኳ አላውቅም ነበር።

መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ጫጫታው ተቀበለን፤ ሞተሩ፣ ሻንጣው፣ የሚጣራው ሰው። ፊሽካና ጋጋሪዎቹ ተሰናብተው ፈቀቅ አሉልን። ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔ የእናትየውን ክንድ ይዤ እርግብ አሳያታለሁ፤ አባትና ልጅ ጥቂት እርምጃ ርቀው የድልድዩ ብረት ላይ ተደግፈዋል። ጆሮዬን መዝጋት አልቻልኩም።

«ውሰጃት» አላት አባትየው ቀድሞ። ያን ሁሉ ያሴረው ሰውዬ! «ሁለቱንም ቦታ ይዘሻል አይደል፣ ውሰጃት። እኔን ላለማሳዘን ብላ ነው ብቻዋን የምትፈራው። እዚያ የሚያውቁበት ሰዎች አሉ። እኔ የማውቀው አልጋ መግፋት ነው።»

«አልወስዳትም፣ አባዬ።»

«ልጄ...»

«እዚያ ስትነሳ የማን ሳል ትሰማለች? ጠዋት ሳያት ደህና ናት ብዬ ትቻት ልሄድ ነበር። አሁን ደህና አይደለችም፤ ግን ይዣት ብሄድ የማታውቀው ሰው ይዟት ሄደ ማለት ነው። ያውም ካንተ ለይቶ። እንዴት አድርጌ?»

«ይቅር በይኝ» አለ። «እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ፣ ያኔ ገና ታውቅሽ በነበረ ጊዜ ትመጪላት ነበር።»

ልጅቱ ይህን አላስተባበለችም። እኔም ብሆን አላስተባብልም። «በየወሩ እመጣለሁ» አለችው። «በመጣሁ ቁጥር አዲስ ሰው እሆናለሁ። አዲስ ሰው ደስ ይላታል ብላኛለች።»

የተመኘው ሁሉ ሞላለት። ሚስቱ አብራው ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ወንዙ መልሶ፣ ትልቅ ሰው ነኝ ሳይል፣ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ። ልጁ አቅፋው ብትቆምም አልተጽናናም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ልጅቱ ሻንጣዋን አንስታ ወደ አውቶቡሱ አመራች፤ እኛ አጠገብ ስትደርስ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች ቆመች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን አይናገርም።

እናትየው ክንዷን ከእጄ አስለቀቀች። ሄዳ በሻርፗ ጫፍ የልጅቱን ጉንጭ ጠረገችላት፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እናት እንደምታደርገው።

«ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ? ማን አስከፋሽ? እናት የለችሽም እንዴ?»

«አለችኝ» አለች ልጅቱ።

«እንግዲያማ ምን ያስለቅስሻል! ቤትሽ ስትገቢ የሆንሽውን ሁሉ ለሷ ንገሪያት። እሺ?»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለችና ወደ አውቶቡሱ ወጣች።